ላዳዋ የበረዶ ጫማ አደረገች

አት ባሺ፣ ጥቅምት 21

ለእህቴ ልጅ ለሳይካል፣

አላህ ካለሽበት ይጠብቅሽ፤ ያ ብርዳም ከተማሽም ይራራልሽ። እኛ ደህና ነን። በጎቹ ደህና፣ ቀይዋ ባዝራ ደህና፣ አክስትሽ ቡቡሳራ ጉልበቷም ምላሷም ደህና። ውሻው ቦይናክ አርጅቶ ሌባና እንግዳ መለየት ቢያቅተውም እሱም ደህና ነው።

አሁን ቁጭ በዪ። እህትሽ አይፔሪ ነፍሰ ጡር ናት! ጥር ላይ ትወልዳለች። እኛን ስትደብቅ ከርማ ምስጢሩን ያወጣችው ኮችኮር ያለችው አማቷ ናት። ቡቡሳራ ወሬውን ስትሰማ የያዘችውን የወተት ባልዲ ጥላ አለቀሰች፤ እኔ ደግሞ ባልዲውን ላነሳ ጎንበስ ብዬ እዚያው ቀረሁ። ወገቤ ነው አልኳት፤ አላመነችኝም።

እንግዲህ ታውቂያለሽ፣ ለሚወለደው ልጅ በሺኩን፣ የሕፃኑን አልጋ፣ ይዞ የሚሄደው የእናት ወገን ነው። እናታችሁ ነፍሷን ይማረውና የለችም። የእናት ወገን ማለት ዛሬ እኔ ነኝ። እናትሽ ያደገችበትን፣ አንቺና አይፔሪ እየተፈራረቃችሁ የሸናችሁበትን ያንን የእንጨት የሕፃን አልጋ ከጣራ ሥር አውርጄ አቧራውን አራገፍኩለት። ሕፃን ሳይተኛበት ስንት ጊዜው ነው! ኮችኮር ድረስም ራሴ በላዳዬ አደርሰዋለሁ። አዎ፣ በጥር። አዎ፣ በዶሎን ተራራ ላይ። አውቶቡስ ላይ ከሰው ሻንጣና ከታረደ በግ ጋር ተጭኖ የሚሄድ በሺክ አይቼ አላውቅም፤ በእኔም አይጀመርም።

ላዳዋን በበረዶ ወራት ከጋጣው አውጥቻት እንደማላውቅ ታውቂያለሽ። ይሁን እንጂ ምንም አይጎድላትም፤ አምና ቀለም ቀብቻታለሁ። ለእኔ ግን ጆሮ የሚሸፍን ቆብ ብትልኪልኝ አልጠላም።

ደግሞ አትርሺ፣ የእህት ልጅ መብትሽን እስከ ዛሬ አልጠየቅሽም። የእህት ልጅ ከአጎቷ ቤት ዓይኗ ያረፈበትን አንድ ነገር ብትጠይቅ አይከለከልም፤ የከለከለ ከብቱ አይባረክለትም። እኔም በመጣሽ ቁጥር ቀይዋን ባዝራ ከኋላ ጋጣ እደብቃለሁ። አባቶቻችን «የእህት ልጅ ከሚመጣ ሰባት ተኩላ ይምጣ» ያሉት ወደው አይደለም።

አጎትሽ ቱርዳኩን


ኖቮሲቢርስክ፣ ኅዳር 9

ለማከብርዎት ለአጎቴ ለቱርዳኩን፣

እግርዎ ከእርካብ አይውጣ፣ ደጅዎ ከእንግዳ አይጉደል። ለአክስቴ ለቡቡሳራ ሁለቱን ጉንጮቿን ይሳሙልኝ።

ደብዳቤዎ የደረሰኝ ዳቦ ቤቱ ግቢ፣ መኪናዬ ላይ ዳቦ እየተጫነ ሳለ ነው። ጮኬ የጫኙን እጅ ስይዘው ሳጥኑን ለቀቀው። አሥራ ምናምን ዳቦ በረዶ ላይ ተንከባለለ፤ እኔ ግን እየሳቅኩ አይፔሪ አይፔሪ እላለሁ። የገዛ እህቴ ምስጢር መጠበቅ ትችላለች ብዬ በሕልሜም አስቤ አላውቅ። ልጅ ሳለች የሰረቅነውን ስኳር በአፏ ላይ ይዛ የምትዞር ልጅ!

አሁን ወደ ላዳዋ ልምጣ። ቀለም አሉኝ? አጎቴ፣ ቀለም በረዶ ላይ ምን ይሠራል? እኔ በዚህ ከተማ ስድስት የበረዶ ወራት ዳቦ አመላልሻለሁ። የእርስዎ ጎማዎች ግን ባለፈው በጋ ሳያቸው ሊሾ ሆነው ነበር፤ በመዳፍ ቢዳስሷቸው እንደ ብርጭቆ የሚያንሸራትቱ። ቀይዋን ባዝራ በበጋ ጫማዋ በበረዶ ላይ ያወጧታል? ብረቱ ላይ ሾል ያለ ምስማር ሳያስመቱ ከደጅ አያስወጧትም። ላዳዋስ ምን በደለች?

ስለዚህ ቆቡንም አራት ባለ ምስማር የበረዶ ጎማዎችንም ልኬያለሁ። ሽንኩርት ጭኖ መጥቶ ባዶውን የሚመለስ የናሪን ሰው አግኝቼ ነው። ራዲያተሩ ውስጥ ውሃ እያደረጉ ማታ ማታ ማፍሰሱን ይተዉት። አንድ ቀን ከረሱ ውሃው በረዶ ሆኖ ሞተሩን ይሰነጥቀዋል፤ ቅዝቃዜ የማያረጋውን ፈሳሽ ይግዙ። ባትሪውን ማታ ፈትተው ከምድጃው አጠገብ ያሳድሩት። አክስቴ ደግሞ ወፍራም ፈለዝ፣ ያንን የበግ ጠጉር ምንጣፏን፣ በሞተሩ ልክ ትቁረጥልዎት፤ ኮፈኑ ሥር ሲለብስ ሞተሩ ሙቀቱን አይለቅም።

ከዶሎን አናት ወዲያ ያለችውን ኩርባ እርስዎም ያውቋታል፣ እኔም አውቃታለሁ። አባቴ በጥር ወጥቶ የቀረባት ናት። እርስዎ ላዳዋን በበረዶ ወራት የሚቆልፉባት ዝገት ፈርተው እንዳልሆነ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። ልዋሽዎት አልፈልግም፦ ደስ ብሎኝ እንቅልፍ አጥቻለሁ፣ ፈርቼም እንቅልፍ አጥቻለሁ። ሁለቱ ተደባልቀውብኛል።

ሳይካል


አት ባሺ፣ ታኅሣሥ 4

ለሳይካል፣

ሰላምሽ ይብዛ፤ እንጀራሽ አይጥፋ፤ ዳቦሽም ከእንግዲህ መሬት አይውደቅ።

መልስ የዘገየሁት ከእንግዳ ብዛት ነው። ጎማዎቹ ሲመጡ መንደሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ። አንዱ ምስማሩን በጥፍሩ ይነካል፣ አንዱ በጥርሱ ሊነቅል ይታገላል፣ ሽማግሌዎቹ እጃቸውን ዘርግተው መረቁልን። ቡቡሳራ አንድ በግ ካልታረደ ጎማው አይባረክም አለች፤ አረድን፣ ደሙንም ጎማዎቹ ላይ ቀባን። የሾርባው ነገር አይወራም።

አንቺ የነገርሽኝን ሁሉ እያደረግኩ ነው። ባትሪው ከምድጃው አጠገብ ይተኛል። ቡቡሳራ «በስተርጅና ጣውንት አመጣህብኝ፣ ደግሞ ከእኔ አልጋ ይልቅ የእሷ ይሞቃል» ትላለች። ከራሴም የጨመርኩት አለ። በሮቹ በውርጭ እንዳይጣበቁ ጠርዙ ላይ ያለውን ጎማ የበግ ላት ቀባሁት። ማለፊያ ሐሳብ ነበር። ጠዋት ስነሳ ቦይናክ የሁለቱን በር ጎማ ግጦ ግጦ ጨርሶታል። ሌባ የማይለይ ውሻ ላት ይለያል። አሁን በበሩ ቀዳዳ ንፋስ ስለሚገባ ቡቡሳራ የፈለዝ ቅዳጅ ሰፍታበታለች።

ጎማዎቹን ገጠምኳቸው፤ ሁለቱን ከፊት። የቀሩትን ሁለቱን ለጎረቤቴ ለኦሞር ሰጠሁት። ከሩቅ አገር የመጣ ነገር ለብቻ አይበላም፤ ሰውዬውም ላዳ አለው፣ ቆሞ እያየ ምራቁን ሲውጥ ዝም ልለው ነው? በደስታ አለቀሰ። ከኋላ የድሮዎቹ አሉ፤ የሚጎትተውስ ፊቱ አይደል።

የምፈልገው ነገር ትንሽ ተለውጧል። ለመስታወቱ የበረዶ መጥረጊያ ላስቲክ ካገኘሽ ላኪልኝ፤ ያ የማይረጋ ፈሳሽም እዚህ ጠፍቷል። ለኦሞርም አንድ ቆብ ጨምሪ፤ የእኔን አይቶ ጆሮው ቀዘቀዘ።

አይፔሪ እግሯ አብጧል አሉ፤ ግን ደህና ናት።

አጎትሽ


ኖቮሲቢርስክ፣ ታኅሣሥ 12

ለአጎቴ፣

ጤናዎን እመኛለሁ፤ የዛሬው ምርቃት አጭር ነው፤ ተናድጃለሁ።

የሚጎትተው ፊቱ አይደለም! የእርስዎ ላዳ የሚገፋት ኋላዋ ነው። ይህንን የመሰለ ነገር ለሠላሳ ዓመት ነድተው አላወቁም? ቢያውቁትም ባያውቁትም ሁለት ምስማር ጎማ ከፊት፣ ሁለት ሊሾ ከኋላ ማለት ቁልቁለት ላይ ፊቷ ሲይዝ ኋላዋ ዞሮ ይቀድማታል። ሁለት ጫማ በፊት እግሯ ብቻ መትተው ባዝራዋን ከዶሎን ያወርዷታል? አራቱም አንድ ዓይነት መሆን አለባቸው፤ አለዚያ አራቱም ባይኖሩ ይሻል ነበር፤ ቢያንስ ቤት ይቀመጡ ነበር።

የሰጡትን መልሱልኝ ማለት ነውር መሆኑን አውቃለሁ። እኔም የዚያው መንደር ልጅ ነኝ። ግን መላ ይፈልጉ። ፈሳሹንና መጥረጊያውን ልኬያለሁ። ለኦሞርም ቆብ ልኬያለሁ፤ ጆሮው ይሙቅለትና ጎማውን ያስብ።

መኪናው ውስጥ አካፋ ይኑር፣ ጆንያ አሸዋ ይኑር፣ የሚጎተትበት ገመድ፣ ሁለት ብርድ ልብስ፣ ሻይ በቴርሞስ። ቤንዚኑን ሲጎድል ሳይሆን ገና ሞልቶ ሳለ ይሙሉት። በረዶው ቢይዝዎት ከመኪናው ወርደው በእግር እንዳይሄዱ። ሞተሩን አስነስተው ሲሞቁ ደግሞ በመጀመሪያ የጭስ ማውጫውን ከበረዶ ያጽዱ፤ ጭሱ ወደ ውስጥ ከተመለሰ ሰው ተኝቶ ይቀራል። ቁልቁለት ላይ ፍሬን አይርገጡ፤ በትንሽ ማርሽ ቀስ ይበሉ።

ስለ ኩርባዋ ጽፌልዎት ነበር። ስለ ላቱም ስለ ውሻውም ጻፉልኝ፣ ስለሷ ግን አንድ ቃል አላሉም። አጎቴ፣ ዝምታዎ ነው የሚያስፈራኝ። አባቴ በወጣባት ጠዋትም ሰማዩ ከፍቶ ነበር፤ ደጅ ላይ ቆሜ አየሁት፤ ወደ ሰማይ ቀና ብሎ «ወንድ ልጅ ከመንገድ አይመለስም» ብሎ ሄደ።

ስለዚህ መብቴን ዛሬ እጠይቃለሁ። ባዝራዋን አልፈልግም። በጉንም፣ ኮርቻውንም አልፈልግም። ሰማዩ ከከፋ መመለስዎን ይስጡኝ። ከእርስዎ ቤት የምወስደው ያንን ነው።

ሳይካል


አት ባሺ፣ ታኅሣሥ 27

ለሳይካል፣

አላህ ቁጣሽን ያብርደው፤ ልብሽን ግን አያብርደው።

ደብዳቤሽን ለቡቡሳራ ጮክ ብዬ ሳነብላት መጨረሻው ላይ ወረቀቱን አቀበልኳት። እሷ ተቀብላ ጨረሰችው። ሳይካል፣ ባዝራዋን ብትወስጂ ይሻለኝ ነበር። እውነቱን ልንገርሽ፤ አባትሽን ቀብሬ ከተመለስኩበት ቀን ጀምሮ ያቺን ኩርባ በአውቶቡስ ሳልፍ ዓይኔን እጨፍናለሁ። ሰዎች ተኛ ይሉኛል። ተኝቼ አላውቅም። ይኸው ጻፍኩልሽ።

ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ቡቡሳራ የቆየውን አነሳችብኝ፦ ባዶ በሺክ ከቤት ከወጣ ወደ ቤቱ አይመለስም፤ ከተመለሰ ለልጁ ደግ አይደለም። እንግዲህ አንቺ ተመለስ ትያለሽ፣ በሺኩ አትመለስ ይላል። የእህት ልጅ የጠየቀችውን ደግሞ መከልከል አይቻልም። በሁለት በሬ መካከል እንደገባ ሣር ሆኛለሁ።

የጎማው ነገር ግን መላ አገኘ። ኦሞርን ሻይ ጠርቼ ስለ ሌላ ስለ ሌላው አወራሁት። እሱ ሞኝ አይደለም፤ ሦስተኛው ሲኒ ላይ ሲኒውን ገለበጠና «ቱርዳኩን፣ የሰጠኸኝን አልመልስልህም፤ ነውር ነው። ነገር ግን ጎማዎቼ ያለ እኔ የትም አይሄዱም፤ የት እንደምትወስደን ንገረን» አለኝ። ከዚያ ጎማዎቹን አንከባሎ አመጣቸው፤ ከኋላ ገጠምናቸው። በአራት እግሯ ጫማ አደረገች። እሱም አዲሱን ቆቡን አድርጎ ከአሁኑ የፊት ወንበሩን ይዟል፤ ላወርደው አልቻልኩም።

ቡቡሳራ ለሞተሩ የቆረጠችውን ፈለዝ ብታዪ! ጠርዙ ላይ የቀይና የጥቁር ቀንድ ጥለት ሰፍታበታለች። ኮፈን ሥር ማን ያየዋል ብላት፣ «በሺክ ተሸካሚ አይደለችም? ራቁቷን አትሄድም» አለችኝ።

የአይፔሪ ወሬ እንደመጣ እንነሳለን።

አጎትሽ


ኖቮሲቢርስክ፣ ጥር 13

አጎቴ፣

ሰላም ናችሁ? ከታኅሣሡ ደብዳቤዎ ወዲህ ይህ ሦስተኛ ደብዳቤዬ ነው፤ የሁለቱ መልስ አልመጣም። ስልክ ቤት ሄጄ ነበር፤ በበረዶው የናሪን መስመር ወድቋል አሉኝ። ሬዲዮ ዶሎን ላይ ከባድ ነፋስ ነበር ይላል። ነበር ይላል፤ ከዚያ ወደ ስፖርት ያልፋል።

ዳቦ አደርሳለሁ፣ እመለሳለሁ፣ ፖስታ ቤት እቆማለሁ። የሰዎቹን ፊት አያለሁ። ስለ ባዝራዋ፣ ስለ ቦይናክ፣ ስለ ምንም ይሁን ይጻፉልኝ። ባዶ ወረቀትም ቢሆን ይላኩልኝ።

ሳይካል


ኮችኮር፣ ጥር 16

ሳይካል፣ የምሥራች! ምስር ብላ በዪኝ፣ ከዚያ አንብቢ።

ሴት ልጅ ተወለደች። ሁለቱም ደህና ናቸው። ይህን የምጽፍልሽ ከአይፔሪ አማት ቤት ነው፤ ጉልበቴ ላይ የሆነ ሰው ልጅ አስቀምጦብኝ ጽሕፈቴ ተንጋደደ፤ ይቅር በዪኝ። አሁን ከመጀመሪያው ልንገርሽ።

ወሬው እንደመጣ በነጋታው ወጣን። እኔ መሪ ላይ፣ ኦሞር አጠገቤ፣ በሺኩ ከኋላ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ። ላዳዋ በመጀመሪያው ቁልፍ ተነሳች፤ ቡቡሳራ ባትሪዋን እንደ ልጅ ስማ ሰጥታኝ ነበር። ናሪን ድረስ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ ኦሞር ይዘፍናል፤ ምስማሮቹ አስፋልቱ ላይ ሲንጫጩ እኔም አብሬው ዘፈንኩ። እንዲህ ያለ ደስታ ከተሰማኝ ስንት ዘመኔ!

ወደ ዶሎን ስንወጣ ሰማዩ ወተት መሰለ። ከዚያ ነፋሱ መጣ። አናቱ ላይ ስንደርስ መንገዱና ገደሉ አንድ ቀለም ሆኑ። አንድ የከተማ መኪና ጥሩምባውን እያስጮኸ አልፎን ወደ ቁልቁለቱ ገባ። ኦሞር «እንከተለው፣ የእሱን ዱካ ይዘን እንወርዳለን» አለ። እኔም ማርሽ አስገባሁ። እውነቱን ነው የምነግርሽ፣ አስገባሁ። ከፊቴ ኮችኮር አለ፣ ሕፃን አለች፣ ከኋላዬ በሺክ አለ። አባትሽም ያን ቀን እንዲህ ሆኖ ይሆናል አልኩ። ክፉ ሰው አልነበረም፣ ደፋር ለመባልም አልነበረም፤ ወደፊት የሚጠብቀው ነገር ስለነበረ ነው።

ማርሹን አወጣሁ። ኦሞር ምን ሆንክ አለኝ።

«የእህቴ ልጅ መብቷን ጠይቃለች» አልኩት።

ኦሞር የሳቀ መስሎኝ ዞር ስል ቆቡን አውልቆ ይዟል። «እንግዲያ አይከለከልም» አለ። ወርዶ ከፊት ለፊት እየሄደ መንገዱን በአካፋው እየነካ መራኝ፤ ላዳዋን እዚያው አናቱ ላይ አዙሬ በትንሽ ማርሽ ቀስ እያልኩ ወረድኩ። ከአናቱ ዝቅ ብሎ የመንገድ ጠባቂዎቹ ቤት አለ፤ ጭሱን አሸተትነው፤ ከማየታችን በፊት። ቤት አልተመለስንም፤ በሺኩም አልተመለሰም፤ ወደ ሰው ቤት እንግዳ ሆኖ ገባ። የጠባቂው ሚስት ባዶ አይደር ብላ የአራት ወር ልጇን አስተኛችበት። ቡቡሳራ ስትሰማ ምን እንደምትል አላውቅም፤ እኔ ግን ያንን ልጅ በእናትሽ በሺክ ተኝቶ ሳየው ጭንቀቴ ለቀቀኝ።

ነፋሱ ሁለት ቀን ያዘን። ከዚያ የበረዶ መጥረጊያው መኪና መንገዱን ሲከፍት ከኋላው ተከትለን ወጣን። ወደ ኩርባዋ ስንደርስ፣ ሳይካል፣ ዓይኔን አልጨፈንኩም። መሪ የያዘ ሰው ዓይኑን አይጨፍንም። ያ ያለፈን መኪና እዚያ ነበር፤ ከመንገድ ወርዶ ቋጥኝ ይዞት፣ በረዶው እስከ መስኮቱ። ሁለት ሰዎች በውስጡ። በሕይወት አሉ፤ ከመኪናቸው ሳይወጡ፣ የጭስ ማውጫቸውን በእጃቸው እየጫሩ፣ ሞተሩን ለጥቂት ጥቂት ጊዜ እያስነሱ አደሩ፤ ቤንዚኑ ግን ሊያልቅ ጥቂት ቀርቶት ነበር። ሻዩን አጠጣናቸው፤ የቡቡሳራን ባለ ጥለት ፈለዝ ከሞተሩ አንስቼ ትኩስ እንዳለ በእግራቸው ላይ ጠቀለልኩት። ከሁለቱ ታናሹ «አባባ፣ ይህን የመሰለ ነገር ሞተር ላይ ያደርጋሉ?» አለኝ። ገመዱን አሰርን፣ መጥረጊያው መኪና ጎተታቸው።

ሁሉም ሲሄዱ ኦሞርን ጠብቀኝ ብዬ ወረድኩ። ለአባትሽ ዱዓ አደረግኩ። ከዚያ የቀረውን ጆንያ አሸዋ አወጣሁና ኩርባዋ ላይ፣ ከላይ እስከ ታች፣ ሰው እህል እንደሚዘራ ዘራሁት። ለሚቀጥለው ለሚወርደው። አልቅሻለሁ፤ ውርጩ ላይ እንባ እንደሚቆርጥ ረስቼው ነበር። ኦሞር መኪናው ውስጥ ሆኖ ወደ ሌላ ወገን አየልኝ።

ኮችኮር ስንደርስ በሺኩን በሁለት እጄ ይዤ ገባሁ። አይፔሪ «ለምን ቆያችሁ?» አለች። «እህትሽ መብቷን ስለወሰደች» አልኳት። አልገባትም፤ አንቺ ትነግሪያታለሽ።

መብትሽን ከፍያለሁ። ከእንግዲህ ባዝራዬን ከኋላ ጋጣ አልደብቅም ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። ግን ልጅቷን ሊያሳዩኝ ሲያመጧት ጣቴን ሰጠኋት፤ ጨበጠችው፤ አለቀቀችም። ገና ስም እንኳ የላትም። የአይፔሪ አማት ሳቀችና «ይህቺም የእህትህ ወገን ናት፣ መብት አላት» አለችኝ።

ቀይዋ ባዝራ አለቀላት። ሰባቱ ተኩላ ይምጡ።

አጎትሽ ቱርዳኩን